መከታ ያረጠበው ወለል

ኢንስፔክተር ልክነሽ ወደ ክፍሉ ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው በሟቹ ላይ ሳይሆን በወለሉ ላይ ነበር። ከበሩ ሥር ጀምሮ እስከ ምንጣፉ ጠርዝ ድረስ ሲሚንቶው ረጥቧል። ከእርጥቡ ማዶ አንድ ቡናማ ውሻ አገጩን መዳፎቹ ላይ አሳርፎ ተኝቷል። ሲያያት ጅራቱን አንዴ ብቻ ወዝወዝ አደረገና ዓይኑን ወደ ወንበሩ መለሰ። ወንበሩ ላይ ጋሽ ተክለሃይማኖት ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ለብሰው ተቀምጠዋል። ያንቀላፉ ይመስላሉ፤ ከንፈራቸው ግን ጠቁሯል።

ልክነሽ ቆቧን አወለቀች። እኚህ ሰው ጂኦግራፊ አስተምረዋታል። ጫሞንና ዓባያን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሲስሉ እጃቸው አይንቀጠቀጥም ነበር። ከጎጃም በወጣትነታቸው ተመድበው መጥተው፣ እዚሁ አርባ ምንጭ አግብተው፣ እዚሁ ወልደው፣ እዚሁ ጡረታ ወጥተዋል። ሚስታቸው ወይዘሮ ማራኪ ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ልጃቸው አበጋዝ ከሚስቱ ከሰብሊና ከሕፃን ልጁ ጋር እዚህ ሴቻ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ገብቷል።

«የነካቸው ሰው አለ?» አለች ልክነሽ።

«ዓይናቸውን ከድኛለሁ» አለ አበጋዝ ከበሩ ላይ ሆኖ። «ሌላ አልነካሁም። ለቅዳሴ ሳይወጡ ሲቀሩ ነው የገባሁት።»

«ወለሉስ?»

«መከታ ነው። ውሻው። ሰሞኑን ቤት ውስጥ መሽናት ጀምሯል።» አባቱ ሞተው ስለ ውሻ ሽንት መናገሩ ያሳፈረው ይመስል አንገቱን ደፋ።

በዚህ መሐል ከግቢው የለቅሶ ጩኸት እየቀረበ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የሟቹ ታላቅ ልጅ ጸዳለ ነበረች፤ ሲቀላ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ባለ ትዳር፣ ድምፀ ጎርናና ሴት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። በእጇ አንዲት ትንሽ የወረቀት ፓኮ ይዛለች።

«እዪ፣ ልክነሽ» አለች። «አንቺ የአባቴ ተማሪ ነሽ፣ አትዋሺኝም። ይኼ ምንድነው?»

ልክነሽ ተቀብላ አየችው። የአይጥ መርዝ ነው።

«ከሰብሊ ቁምሳጥን፣ ከልጇ ዳይፐር ጀርባ ነው ያገኘሁት። ወይ ይሄ ውሻ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ ስትል ጎረቤት ሁሉ ሰምቷታል። ውሻው ይኸው ከታመመ ስንት ጊዜው። አሁን ደግሞ አባቴ። ውሃ የምትቀዳለት እሷ ናት።»

ሰብሊ ከኮሪደሩ ጥግ ቆማለች። ሊሻን የምትባለው ሕፃን ልጇ ትከሻዋ ላይ ተኝታለች። ሁሉም ዞሮ ሲያያት የልጇን ጀርባ መታ መታ አደረገች።

«ገዝቼዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «አልከፈትኩትም።»

ፓኮው በእርግጥ እንደታሸገ ነበር።

«ሌላ እንደሌላት በምን ይታወቃል?» አለች ጸዳለ። «ነገ በዘጠኝ ሰዓት አባቴ ይቀበራል። እሷ ከሬሳው ኋላ ብትራመድ፣ እግዜር ያውቃል፣ መንገድ ላይ አዋርዳታለሁ። ክሱን ዛሬ እፈርማለሁ። ውሰዷት።»

ልክነሽ ሕፃኗን አየች። እሷም ሦስት አሳድጋለች፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ከእናቱ ደረት ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቀዋለች። በዚህ ከተማ ደግሞ በአማቷ ቀብር ላይ ያልታየች ምራት ስሟ ቢጠራም እንደ ድሮው አይጠራም።

«እስከ ቀብሩ ሰዓት ድረስ ስጪኝ» አለቻት። «እስከዚያ ከቤት አትወጣም፤ ኮንስታብል ኦይታ እዚህ ይቆማል። ነገ በዘጠኝ ሰዓት ወይ ይዣት እሄዳለሁ፣ ወይ ከጎንሽ ትራመዳለች።»

ጸዳለ ነጠላዋን አጥብቃ ወጣች።

ሬሳው ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ ልክነሽ ከአበጋዝ ጋር ክፍሉ ውስጥ ቀረች። አልጋው በደንብ ተነጥፏል። ብርድ ልብሱን በእጇ ስትዳስሰው ስስ አቧራ መዳፏ ላይ ቀረ። ትራሶቹ ግን አልጋው ላይ የሉም፤ ሁለቱም የወንበሩ መደገፊያ ላይ ተደራርበዋል።

«አባባ አልጋቸው ላይ አይተኙም ነበር?»

«ሁዳዴ ከተያዘ ጥቂት ቆይቶ ወንበር ላይ ማደር ጀመሩ» አለ አበጋዝ። «ዳዊት ሲደግሙ እንቅልፍ ይጥላቸዋል ብለን ነው።»

ከወንበሩ ሥር የሰውየው ጥቁር ጫማ አለ። ክሩ ወጥቷል፤ ተረከዙ ተረግጦ እንደ ነጠላ ጫማ ሆኗል።

«ይኼስ?»

«ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ለማውለቅ እንዲቀልላቸው ይመስለኛል።»

ልክነሽ ጫማውን መልሳ አስቀመጠች። የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበች። መነጽር፣ መቁጠሪያ፣ የወይዘሮ ማራኪ ፎቶግራፍ፤ ከሥሩም የኪኒን እሽግ። አንዲት ኪኒን እንኳ አልተነካችም።

«የልብ መድኃኒታቸው ነው» አለ አበጋዝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ በሽንት የሚያስወጣ። ጾሙ ሲገባ ተዉት። ቅዳሴ መሐል ያስወጣቸዋል። አንድ ቀን ደግሞ ሽንት ቤት ሳይደርሱ ቀሩ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አገልድመው ነው ቤት የመጡት። ማንንም ቀና ብለው አላዩም። ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ አልነካውም አሉ።»

«ማታ ቢወስዱትስ?»

«ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው። በጨለማ ስመላለስ ልሙት እንዴ አሉ። እት ጸዳለ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው። እምቢ ሲሏት በማግስቱ ተወችው።» ጥቂት አሰበና «ገርሞኝ ነበር» አለ። «እሷ ነገር የያዘች እንደሆነ የምትለቅ ሰው አይደለችም።»

ሰብሊ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጠች ነበር። ማንም ላጪ አላላትም፤ እጇ ሥራ እንዲይዝ ነው። ሕፃኗ እግሯ ሥር ምንጣፍ ላይ ትድሃለች።

«ስለ ውሻው ንገሪኝ» አለች ልክነሽ በርጩማ ስባ።

ሰብሊ ቀና አለች። «ስለ መርዙ ነው የምትጠይቂኝ ብዬ ነበር።»

«እንደርስበታለን።»

«ትልቅ ውሻ ነው፤ የእማማ ማራኪ ነበር። እኔ ከመጣሁ አንድ ቀን ቤት ውስጥ አበላሽቶ አያውቅም። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ነው የጀመረው።»

«እግሩን እያነሳ ግድግዳው ላይ ይረጫል?»

«አይ። እንደዚያማ ቢሆን አመሉ ነው እል ነበር። በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ነው የሚለቀው። ባልዲ የተገለበጠ ነው የሚመስለው። ደግሞ አይሸትም። በዓይኔ ባላየው ውሃ ፈሰሰ ነበር የምለው።»

«ስትቆጡት ደንግጦ ነው?»

«ማንም ሳይናገረው ነው። ማታ ማታ፣ አባባ እህል ቀምሰው ብዙም ሳይቆይ። በሩን ይቧጥጣል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ለቅቆትም ጆሮውን ጥሎ ጥግ ይገባል። ያፍራል።»

«ምን አደረጋችሁ?»

ሰብሊ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ያልሞከርኩት የለም። አፍንጫውን ወለሉ ላይ አስነካሁት። በጫማ መታሁት። ወለሉን በሎሚ አጠብኩ፣ በበርበሬ ውሃ አጠብኩ። ጎረቤት ያለኝን ሁሉ። በመጨረሻ ካልጠጣ አይሸናም ብዬ የውሃ ሳህኑን አነሳሁበት። በዚህ ሙቀት። የልብስ ማጠቢያዬን የሳሙና ውሃ ጠጣ።» ዓይኗ ውሃ ሞላ። «ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።»

«መርዙን ከዚያ በኋላ ገዛሽ?»

«ሊሻን መዳህ ጀምራለች። ወለል ለወለል ሄዳ እጇን አፏ ውስጥ ትከታለች። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ትታመምብኛለች እያልኩ። ሲቀላ ወርጄ ገዛሁ። ቤት ስደርስ መከታ በሩ ላይ ተቀበለኝ፤ ፌስታሉን አሸተተና እጄን ላሰኝ። ወሰድኩና ደበቅኩት። መጣሉንም ፈራሁ፣ ቆሻሻ ላይ ሌላ ውሻ ያገኘዋል ብዬ።»

«ሲቧጥጥ በሩን ለምን አትከፍቱለትም ነበር?»

«ጎረቤታችን ጋሽ ገነነ ዶሮዎቻቸው ስለተበሉ፣ ከመሸ በኋላ ውጭ ካየሁት አልምረውም አሉ። አባባ ፈርተው ከመሸ ቆልፉ አሉን።»

«የአባባን ምግብ የምትሠሪው አንቺ ነሽ?»

ሰብሊ በመከራ ፈገግ አለች። «እኔ? በእኔ መጥበሻ? እኛ እኮ በሁዳዴ ዓሣ እንበላለን። እሳቸው አገር ዓሣም በጾም አይነካም። እት ጸዳለ ከሲቀላ እየሠራች፣ ማታ ሱቋን ስትዘጋ በባጃጅ ታመጣላቸው ነበር። በቀን አንዴ ያችኑ ምግብ ብቻ ነው የሚቀምሱት። በራቸውን ዘግተው፣ እሳቸውና ውሻው።»

ልክነሽ ለመነሳት ተዘጋጅታ ቆም አለች። «ወለሉ ደርቆ ያደረበት ጊዜ የለም?»

«አለ። እት ጸዳለ ለለቅሶ ሶዶ የሄደች ጊዜ። እሷ እስክትመለስ በአዲስ ድስት ሽሮ ሠርቼ ሰጠኋቸው። ያን ሰሞን ወለሉ ደረቅ ነበር። የበርበሬው ውሃ ሠራልኝ ብዬ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ከዚያ ተመልሶ ባሰበት።»

ልክነሽ ከበርጩማው ተነሳች። ጎንበስ ብላ ሕፃኗን ከወለሉ አነሳችና ለእናቷ ሰጠቻት።

ጋሽ ገነነ በአጥሩ ማዶ የተባይ መድኃኒት መርጫቸውን በባጃጅ ላይ እየጫኑ ነበር። ጫኖ በሚባለው ቦታ የሙዝ ማሳ አላቸው። ልክነሽን ሲያዩ ሳይጠየቁ መለሱ።

«ኢንስፔክተር፣ ዶሮዬን የበላው ውሻው ነው። መግደል ቢያምረኝ በውሻው እጀምር ነበር።»

«እገድለዋለሁ ብለዋል ይባላል ግን።»

«ብያለሁ። አማቴንም እንዲሁ እላታለሁ፤ ይኸው በየዓመቱ ትወፍራለች።» ሳቁን ጀምረው ተዉት። «ተክሌ ወዳጄ ነበር። ቀና ሰው። ለማስፈራራት ያህል ነው ያልኩት። እሱ ከልቡ ያዘው።»

«መከታ ማታ ሲያለቅስ ይሰማዎታል?»

ጋሽ ገነነ ገመዱን አጠበቁና መልሰው አላሉት። «እንደ ሕፃን ነው የሚያለቅሰው። በሩን ሲቧጥጥ እዚህ ድረስ ይሰማል። ክፈቱልኝ ነው የሚለው፤ ይሄ ትርጉም አይፈልግም። ክፈቱለት እንጂ ብዬ ልጣራ አስብና፣ እኔው ያስቆለፍኩ ሰውዬ በየትኛው አፌ? እላለሁ። ዝም አልኩ።»

ጸዳለ ጓሮ ዛፍ ሥር ከሴቶች ጋር ተቀምጣ ነበር። ልክነሽ ወደ ጥግ ጠራቻት።

«እት ጸዳለ፣ አባባ የልብ ሕመም ነበረባቸው። ለምን በሕመማቸው ሞቱ አላልሽም?»

«መድኃኒቱን አንድ ቀን አላጓደለም። መድኃኒቱን የሚውጥ ሰው እንዲህ ወንበር ላይ ደርቆ አይገኝም።»

«መሳቢያው ውስጥ ያለው እሽግ አልተነካም።»

ጸዳለ የነጠላዋን ጥለት ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ እንደገና ጠቀለለች።

«አበጋዝ ትተዋል ይላል» አለች ልክነሽ። «አንቺ ግን እየወሰዱ እንደነበር በምን አወቅሽ?»

«አባቴ ነው። አውቃለሁ።»

«አይተሻቸዋል?»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ» አለችና ወደ ለቀስተኞቹ ተመለሰች። ልክነሽ ከኋላዋ አየቻት። የምትዋሽ ሰው አትመስልም። የምትደብቀው ነገር ያላት ሰው ትመስላለች፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም።

ሆስፒታል ስትደርስ ዶክተር ተስፋጽዮን ኮሪደር ላይ ጠበቃት።

«መርዝ የሚያሰኝ ምልክት አላየሁም» አላት። «ናሙናው አዲስ አበባ ይላካል፤ መልሱ ግን ይቆያል። ያየሁትን ልንገርሽ። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አብጧል። ሳንባቸው ውሃ ሞልቷል። እንዲህ የሆነ ሰው ጋደም ሲል ይታፈናል። ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው።»

ልክነሽ የተደራረቡት ትራሶችና የተረገጠው ጫማ ትዝ አላት። «ኪኒኑን ቢወስዱ ኖሮስ?»

«እንዲህ አይጠራቀምም ነበር። እኔን ብትጠይቂኝ መድኃኒቱን ካቆሙ ቆይተዋል።»

«ጤነኛ ቢውጠውስ?»

«ብዙም ሳይቆይ ያሸናዋል። እንደ ውሃ የጠራ ሽንት። ከዚያ ይጠማዋል፤ በየቀኑ ከሆነ ይከሳል።»

«ሰው ባይሆንስ?»

ዶክተሩ ፈገግ ሊል ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ የእድሩ ሰዎች በር ላይ ድንኳን ሲተክሉ ልክነሽ ቤተሰቡን በሟቹ ክፍል ሰበሰበች። አበጋዝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሰብሊ ልጇን ታቅፋ በመስኮቱ በኩል ቆመች፤ ጸዳለ በተቃራኒው። ጋሽ ገነነ ባርኔጣቸውን ይዘው ከኦይታ አጠገብ ቆሙ። መከታ በሩ ሥር እንደተለመደው ተኝቷል።

«እት ጸዳለ» አለች ልክነሽ «አንድ ነገር አድርጊልኝ። ለአባባ እንደምታቀርቢው አድርገሽ በሰሐን ምግብ አቅርቢ። ምንም ሳትቀንሺ፣ ምንም ሳትጨምሪ።»

«በአባቴ ቀብር ቀን ጨዋታ ነው የምትጫወቺው?»

«እባክሽ።»

እንጀራና ምስር መጣ። ጸዳለ ሰሐኑ ላይ ዘረጋችው፣ ወጡን አወጣች። ከዚያ እጇ ከልማዱ የተነሳ ከእንጀራው ቆርሶ፣ ወጥ አጥቅሶ፣ ጠበቅ አድርጎ ጠቀለለና ጉርሻዋን በሰሐኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ።

ልክነሽ ሰሐኑን ተቀብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

መከታ ተነሳ። ቀስ ብሎ መጣና አገጩን በወንበሩ የቀኝ ክንድ ላይ አሳረፈ። አልጮኸም፤ ሰሐኑንም አላሸተተም። ልክነሽ ጉርሻዋን አንስታ ሰጠችው። ከጣቷ ላይ በቀስታ ተቀበላት፣ ዋጠ፣ ዞረና ተመልሶ በሩ ሥር ተኛ። ሰሐኑ ሙሉ እንደሆነ ነው።

ከሁሉም ቀድማ የገባት ጸዳለ ነበረች። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እየተንሸራተተች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«እንዲህ ነው» አለች ልክነሽ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እኔም ጥያቄዬን ከጋሽ ተክለሃይማኖት ሳይሆን ከመከታ ነው የጀመርኩት። በእርጅና ወይም በአመል ቢሆን ኖሮ ጥግ ጥጉ ላይ፣ ጥቂት ጥቂት ይሆን ነበር። በፍርሃት ቢሆን ሲቆጡት ነበር። ይሄ ግን ማንም ሳይናገረው፣ በሩ ሥር፣ ባልዲ ሙሉ፣ ሽታ የሌለው። ያውም ለመውጣት እየለመነ። አመሉ አልተበላሸም። መያዝ አቅቶት ነው።»

«ታሞ ነዋ» አለ አበጋዝ።

«የታመመ ሁልጊዜ ይታመማል። መከታ ግን የታመመው ማታ ማታ፣ አባባ እህል ከቀመሱ በኋላ ብቻ ነው። እት ጸዳለ ሶዶ በነበረችበት ሰሞን ደግሞ ዳነ። ሰብሊ በበርበሬ ውሃ የዳነ መሰላት። የተለወጠው ውሃው ሳይሆን ምግቡ ነው። ሰብሊ ሽሮውን ሰጠች እንጂ ጉርሻ አልጠቀለለችም።»

ሰብሊ ልጇን ጠበቅ አደረገች።

«አሁን ወደ አባባ ልመለስ። ወንበር ላይ የሚያድሩት ዳዊት ለመድገም አይደለም፤ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ እያጠራቸው ነው። የጫማቸውን ክር ያወጡት እግራቸው ስላበጠ ነው። ጾመኛ ስለሆኑ ሁሉንም ለጾሙ ሰጣችሁት። ሐኪሙ መድኃኒቱን ትተዋል ይላል። መሳቢያቸውም ይኸንኑ ይላል። እት ጸዳለ ብቻ አንድ ቀን አላጓደለም ትላለች፤ ደግሞ ከልቧ ነው። እንግዲህ ሌላ ኪኒን ከዚህ ቤት ውጭ ተገዝቶ ወደዚህ ቤት ይገባ ነበር ማለት ነው። ገብቶ ግን ከአባባ አፍ አልደረሰም።»

«በእናቴ ጉርሻ ነው የደበቅኩት» አለች ጸዳለ ከወለሉ።

የነጠላዋን ጥለት ጨበጠች።

«እናቴ ሁልጊዜ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጠቅልላ በሰሐኑ ጠርዝ ታስቀምጥለት ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ እኔ ቀጠልኩ፤ ደስ ይለዋል ብዬ። ኪኒኑን እምቢ ሲለኝ እዚያ ውስጥ ከተትኩት። ጉርሻ ከፍቶ የሚያይ የለም። መናገር አልቻልኩም፣ ልክነሽ። ጾመኛ አባቴን፣ ያውም በእናቴ እጅ አመል አታለልኩት ብዬ ለማን እናገራለሁ? ግን ወስዷል፣ ድኗል ብዬ ነበር። ስለዚህ ሲሞት...»

«ስለዚህ ሲሞቱ ሰው የገደላቸው መሰለሽ» አለች ልክነሽ። «በእጅሽ ስለሰጠሻቸው በሕመም መሞታቸውን ማመን አልቻልሽም። ለመከታ ለምን እንደሰጡት ግን አላውቅም። መድኃኒቱ እንዳለበት አላወቁም፤ ቢያውቁ ምርር ብለው ይናገሩሽ ነበር።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ሰብሊ።

ትናንት አልከፈትኩትም ካለች ወዲህ ጸዳለ ባለችበት አፏን ስትከፍት የመጀመሪያዋ ነው።

«አንድ ቀን ውሃ ይዤ በሩ ላይ ደርሼ ድምፃቸውን ሰማሁ። «ማራኪ፣ ያንቺ ጉርሻ አልወርድልህ አለኝ። ለልጅሽ ለመከታ ሰጥቼልሻለሁ» ሲሉ። ብቻቸውን የሚያወሩ መስሎኝ ውሃውን በሩ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ስለ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።»

ጋሽ ገነነ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ደግሞ በሩን አስቆለፍኩበት» አሉ ከባርኔጣው ውስጥ።

«ገደልኩት» አለች ጸዳለ።

«አልገደልሽም። መድኃኒቱን የተዉት እሳቸው ናቸው። ባትደብቂውም አይወስዱትም ነበር።»

«ባላታልለው ኖሮ በየቀኑ እጨቀጭቀው ነበር። አበጋዝን እልክበት ነበር። የንስሐ አባቱን አመጣበት ነበር። ወስዷል ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት። እግሩን እንኳ ጎንበስ ብዬ አላየሁም።»

ልክነሽ ከወንበሩ ተነሳች። ሰሐኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ኦይታን በዓይኗ ከበሩ ገለል እንዲል ነገረችው።

ሕፃኗ ሊሻን መታቀፉ ሰልችቷት ተወራጨች። ሰብሊ ዝቅ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻት፤ ጠዋት ያጠበችው፣ የደረቀው ወለል ላይ። ልጅቷ እየዳኸች ሄዳ የጸዳለን ጉልበት ያዘች። ጸዳለ አየቻት። ከዚያ ቀና አለች።

«ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ ልበሺ» አለቻት ሰብሊን። «ሰዓቱ ደርሷል። ከጎኔ ነው የምትሄጂው። ሰው ሁሉ እያየ።»

«እሺ፣ እት ጸዳለ።»

«ይቅር በይኝ አላልኩሽም ገና። ቆሜ መናገር ስችል እልሻለሁ።»

በዘጠኝ ሰዓት ሬሳው ከቤቱ ሲወጣ ሁለቱ ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ተከተሉት። ጋሽ ገነነ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ተሸክመው ማንም እንዲቀበላቸው አልፈቀዱም።

በሠልስቱ ልክነሽ የፖሊስ ልብሷን ትታ፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ለቅሶ ደረሰች። የጋሽ ተክለሃይማኖት ክፍል በር ተከፍቶ በድንጋይ ተደግፏል። ደጃፉ ላይ አንድ ሳህን ንጹሕ ውሃ ተቀምጧል። ሰብሊ ልክነሽን ወደ ውስጥ አስገባቻትና ጎንበስ ብላ በመዳፏ ወለሉን ነካች። ልማድ ሆኖባት ነው።

«ደረቅ ነው» አለች። «በየቀኑ ደረቅ ነው ያደረው።»

ያንን ቃል ለመናገር ስንት ጊዜ እንደተመኘች ልክነሽ ታውቃለች።

መሸትሸት ሲል ጸዳለ የራሷን ሰሐን ይዛ ገባች። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መከታ መጥቶ አገጩን ባዶው ወንበር ክንድ ላይ አሳረፈና ጠበቀ። ጸዳለ ከእንጀራዋ ቆረሰች፣ ጠቀለለች። ምንም የሌለባት፣ ምስር ብቻ ያለባት ጉርሻ። ዘረጋችለት።

ውሻው ጉርሻዋን አየ፤ ወንበሩን አየ። አልተቀበላትም።

«እንካ፣ ልጄ» አለች ጸዳለ። «የእናቴ ናት።»

እጇን ሳታጥፍ ጠበቀችው።